ዘረኝነትና ሁከት ሲነሣ ሙስሊሙ የት ይቁም?



ሰው በቆዳው ቀለም፣ በዘሩ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት ሲበደል መስማት ለጆሯችን አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ የአንድ አገር ግፍ ለሌላው አገር ሕዝብ የሚሰማው በሳምንትና በወር ነበር። ዛሬ ግን ሟቹ ገና ሳይቀበር ምስሉ በእያንዳንዳችን እጅ ውስጥ ይገኛል። ወጣቱ ይህን አይቶ ደሙ ይፈላል፤ አንድ ነገር ካላደረግሁ ይላል። አዛውንቱ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከእኛ ምን ይመጣል ብሎ ይተወዋል። አንዱ በቁጣው ይሳሳታል፣ ሌላው በዝምታው።

ለመሆኑ ሥልጣንም ሀብትም የሌለው፣ ሠርቶ የሚያድርና ልጆቹን የሚያሳድግ ተራ ሰው፣ የዘር ግፍ ሲፈጸምና ከተማ በሁከት ሲናጥ ምን ማድረግ ይችላል? አላህ (ሱ.ወ.) በዕለተ ቂያማ የሚጠይቀንስ ስለ ምኑ ነው? ይህን ጥያቄ በደፈናው ከመመለስ ይልቅ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ በእውን የተፈጸሙ ጉዳዮችን እያነሣን፣ ቁርኣንና ሱና ከሚያስተምሩን ጋር እያስተያየን ብንመለከት ይሻላል።

የሳውዝፖርት ሕፃናት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ሳውዝፖርት በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ዳንስ ለመማር የተሰበሰቡ ሕፃናት ነበሩ። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ቢላዋ ይዞ ገባባቸው። የ6፣ የ7 እና የ9 ዓመት ሦስት ልጃገረዶች ተገደሉ። ሌሎች 8 ሕፃናትና 2 አዋቂዎች ቆሰሉ። ከቆሰሉት አዋቂዎች አንዱ በአቅራቢያው ቢሮ የነበረና የሕፃናቱን ጩኸት ሰምቶ ወደ ቢላዋው የሮጠ ሰው ነው። ስለ ሁከትና ስለ መስጊድ ከማውራታችን በፊት የእነዚህን ሦስት ሕፃናት ነገር ማስቀደም ይገባናል። የሰው ልጅ ሐዘን የእኛ ወገን አይደለም ተብሎ አይታለፍምና።

በዚያው ቀን ወሬ ተነዛ። ገዳዩ ሙስሊም ነው፣ በጀልባ ተጭኖ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ ነው ተባለ። የዐረብ ስም የሚመስል ስም እንኳ ተፈጥሮለት በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ። ስሙም ታሪኩም ሐሰት ነበር። ወጣቱ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ ከሩዋንዳ ከመጡ ክርስቲያን ወላጆች የተወለደ ነው። እውነቱ ግን ወሬውን አልደረሰበትም። በማግስቱ፣ ጁላይ 30 ምሽት፣ ለሟቾቹ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ከተደረገ በኋላ፣ የተቆጣ ሕዝብ በከተማዪቱ ባለው ትንሽ መስጊድ ላይ ድንጋይና ጡብ ያዘንብ ጀመር። ኢማሙና ጥቂት ሰዎች ውስጥ ነበሩ። መውጫ አጥተው ቆዩ። መስጊዱን ሊከላከሉ ከቆሙት ፖሊሶች መካከል ከ50 በላይ ቆሰሉ።

እሳቱ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሳንደርላንድ፣ ሊቨርፑል፣ ሐል፣ ሚድልስብራ፣ ቤልፋስትና ሌሎችም ታመሱ። ሚድልስብራ ውስጥ መኪና እያስቆሙ የሾፌሩን ዘር የሚጠይቁ ሰዎች ታዩ። በሮዘራም አቅራቢያ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያረፉበትን ሆቴል፣ ሰዎቹ ውስጥ እያሉ፣ በእሳት ሊያጋዩት ሞከሩ። ሊቨርፑል ውስጥ የሠፈር ሕፃናት የሚያነቡበት ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ።

በሳውዝፖርት ግን ጥቃቱ በተፈጸመ ማግስት ጠዋት ሌላ ሕዝብ መጣ። መጥረጊያና አካፋ የያዙ የከተማዪቱ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ያልሆኑ፣ ከመስጊዱ ደጅ የተሰበረውን መስተዋትና ጡብ ጠረጉ። ግንበኞች መጥተው የፈረሰውን የአጥር ግንብ ያለ ክፍያ መልሰው ሠሩት። እነዚህ ሰዎች ሹማምንት አልነበሩም። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ስለ ተራ ዜጋ አቅም የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ ይጀምር።

ወሬ ይዞ የመጣ ሰው

ሱረቱል ሑጁራት 18 አንቀጾች ብቻ ያሏት አጭር ሱራ ናት። ሆኖም ስለ ማኅበራዊ ሰላም የያዘችው ትምህርት ብዙ መጻሕፍትን ያክላል። በ6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዝዘናል። ምክንያቱንም ሳያጣሩ የተነሡ ሰዎች ባለማወቅ ሕዝብ ላይ ጉዳት አድርሰው ኋላ እንደሚጸጸቱ በማመልከት ያስረዳናል።

የሳውዝፖርት ታሪክ የዚህ አንቀጽ ማብራሪያ ይመስላል። መስጊዱን ከወገሩት መካከል ሐሰቱን የፈጠሩት ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት የሰሙትን ሳያጣሩ የተነሡ ናቸው። በሌላ የእንግሊዝ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት በዚያው ቀን ስደተኞች ያሉባቸው ሆቴሎች ይቃጠሉ የሚል ጽሑፍ በማሰራጨቷ በዚያው ዓመት የ31 ወር እስራት ተፈረደባት። አንዲት ድንጋይ አልወረወረችም። ጣቷ ግን ወረወረ።

ይህ ትእዛዝ በመጀመሪያ የወረደው ለምእመናን እንጂ መስጊድ ለሚወግሩ ሰዎች አለመሆኑን አንርሳ። በእኛ ሠፈርም መስጊድ ተነካ፣ ሙስሊም ተገደለ የሚል ወሬ ሲመጣ የስንቱ ወጣት ጣት ሳያጣራ ያስተላልፋል? የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ምስል ዛሬ ተፈጸመ ተብሎ ስንት ጊዜ ደርሶናል? ለዲን መቆርቆር ለሐሰት ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ የተራ ዜጋ የመጀመሪያ ግዴታ ቀላልም ከባድም ነው። ያልተጣራ ነገር በእጁ ላይ መሞት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ገዳዩ በእርግጥ ሙስሊም ቢሆን ኖሮስ? መስጊዱን መውገር ይገባ ነበር? አይገባም። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 164ኛ አንቀጽ ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም ይነግረናል። ይህ ሕግ ለእኛ ሲጠቅመን ብቻ የምናነሣው መሆን የለበትም። የሌላ ብሔር ወይም የሌላ እምነት አንድ ሰው ሲያጠፋ የሠፈሩን ሰው በሙሉ በጅምላ የምንኮንን ከሆነ፣ እኛም መስጊድ ከወገሩት ሰዎች ጎን መቆማችን ነው።

ወንድምህን እርዳ

በጃሂሊያ ዘመን የዐረብ ጎሣ ደንብ ግልጽ ነበር። ወንድምህ በዳይም ሆነ ተበዳይ ከጎኑ ትሰለፋለህ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ አባባል ወስደው ትርጉሙን ለወጡት። በዳይ የሆነን ወንድም እንዴት እንደሚረዱት ሶሐቦች ግራ ተጋብተው በጠየቋቸው ጊዜ፣ ከበደሉ መከልከል እርሱን መርዳት መሆኑን አስረዷቸው። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህ ትምህርት በሁከት ጊዜ እጅግ ያስፈልጋል። ሁከት የሚስፋፋው ሰው የራሱን ወገን ስለሚፈራ ጭምር ነው። ጓደኛው ሱቅ ሲሰብር ያያል፤ ፈሪ እንዳይባል ይከተለዋል። ዘመዱ የሌላውን ብሔር ሲሰድብ ይሰማል፤ ከሃዲ እንዳይባል ይስቅለታል። የጠላትን በደል ማውገዝ ማንንም አያቅተውም። የወገንን እጅ መያዝ ግን ወንድነት ይጠይቃል። አላህም በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ሕዝቦችን መጥላታችን ፍትሕን እስከማጓደል እንዳያደርሰን ያስጠነቅቀናል። ፍትሕ ለምንወደው ብቻ ከሆነ ጎሠኝነት ይሆናል።

ልጁን የቀበረው አባት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2011 ለንደን ቶተንሃም ውስጥ ማርክ ደገን የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በማግስቱ ሳይሆን ከሁለት ቀን በኋላ የተነሣው ሁከት ብዙ የእንግሊዝ ከተሞችን አዳረሰ። ጊዜው የረመዳን ወር ነበር። በበርሚንግሃም ዊንሰን ግሪን በተባለ ሠፈር የእስያ ዝርያ ያላቸው ሙስሊም ወጣቶች ሱቆቻቸውንና ሠፈራቸውን ከዘራፊ ለመጠበቅ ደጅ ወጥተው ሳለ፣ ኦገስት 10 ሌሊት መኪና ገጭቷቸው ሦስቱ ሞቱ።

ከሟቾቹ የአንዱ አባት ታሪቅ ጃሃን የግጭቱን ድምፅ ሰምቶ ሮጦ መጣ። መሬት ላይ የወደቀውን ሰው ሊረዳ ሲሞክር፣ ሌላው ተጎጂ የ21 ዓመት ልጁ ሃሩን መሆኑን ከጀርባው ነገሩት። በሠፈሩ የሚኖሩት ጥቁሮችና እስያውያን ናቸው፤ ገዳዮቹ ጥቁሮች ናቸው የሚል ወሬ ነግሦ ነበር። ወጣቱ ለበቀል ተሰብስቦ የአንድ ሰው ቃል ይጠብቅ ነበር። ያ ቃል ከታሪቅ ጃሃን አፍ ቢወጣ ኖሮ በዚያ ሌሊት ስንት እናት እንዳለቀሰች አላህ ያውቃል።

እርሱ ግን የልጁ ደም ከእጁ ሳይደርቅ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊ ሳይባል ሁሉም በአንድ ሠፈር የሚኖር መሆኑን አስታወሰ። ልጁን ማጣት የሚፈልግ ካለ ወደ ፊት ይምጣ፣ ያለዚያ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ግቡ ሲል ለመነ። ሕዝቡም ሰማው። በርሚንግሃም ከዘር ዕልቂት ዳነች።

ሰዎች ስለዚህ ታሪክ ሲያወሩ አንድ ነገር ይዘላሉ። በ2012 በጉዳዩ የተከሰሱት ስምንት ሰዎች በፍርድ ቤት ነጻ ተባሉ። ታሪቅ ጃሃን ሰላምን የመረጠው የፍርድ ዋስትና አግኝቶ አልነበረም። ሰብር የሚባለው ይህ ነው። ፍትሕን በሕግ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነበር፤ ጠይቋልም። ነገር ግን ፍርዱ እንደጠበቀው ባይሆንስ ብሎ የሌላውን ልጅ ደም እንደ መያዣ አልያዘም።

ክፉን በመልካም መመለስ

ወደ 2024 እንመለስ። ኦገስት 2 ቀን ምሽት ሊቨርፑል በሚገኘው የአብደላህ ኩዊሊያም መስጊድ ፊት ለፊት ተቃዋሚዎች ተሰበሰቡ። ይህ መስጊድ በ1887 የሰለመው እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ ዊሊያም ኩዊሊያም የመሠረተው፣ በእንግሊዝ ከቀደምቶቹ መስጊዶች አንዱ ነው። መስጊዱን ለመጠበቅ ከተቃዋሚዎቹ የሚበልጥ ሕዝብ ወጥቶ ነበር። በመካከል ፖሊስ ቆሟል።

ከመስጊዱ ኢማሞች አንዱ የሆነው አደም ኬልዊክ ግን ምግብና መጠጥ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሊሰድቡት ከመጡት ጋር ቆሞ ተነጋገረ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ምግቡን ተቀበሉት። ከአንዱ ጋር ሲተቃቀፍ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። በሱረቱ ፉሲለት 34ኛ አንቀጽ አላህ ክፉን ይበልጥ መልካም በሆነ ነገር እንድንመልስ፣ ያን ጊዜ ጠላት የነበረው እንደ ቅርብ ዘመድ ሊሆን እንደሚችል ያስተምረናል። ቀጥሎም ይህን ዕድል ታጋሾች ብቻ እንደሚያገኙት ይነግረናል።

ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ወጣቶች፣ በርገር ሰጥቶ ዘረኝነት ይጠፋል ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አይጠፋም። ወንጀል የሠሩት ተይዘው መቀጣት ነበረባቸው፤ በዚያ ሁከት ከ1,000 በላይ ሰዎች ታስረዋል፤ ብዙዎች ተፈርዶባቸዋል። ሕግ የእጅን ወንጀል ይቀጣል። በልብ ውስጥ ያለውን ጥላቻ ግን ፖሊስ አይደርስበትም። እዚያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ኦገስት 7 ቀን ምሽትም ተጨማሪ ጥቃት ይፈጸማል ተብሎ በብዙ ከተሞች ሱቆች ቀድመው ተዘጉ። ይሁን እንጂ በዎልተምስቶ፣ በብራይተን፣ በብሪስቶል፣ በኒውካስልና በሌሎች ከተሞች ጎዳናውን የሞሉት ዘረኝነትን የሚቃወሙ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በሊቨርፑል ለተቃጠለው ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ማሰባሰብ ተጀምሮ ከ250,000 ፓውንድ በላይ ተገኘ፤ በዲሴምበር 2024 ተጠግኖ ተከፈተ።

ዐይን ያየውን መመስከር

ሰብርና መልካም ምላሽ ማለት ግፍን ሸፋፍኖ መተው ማለት አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ በራሳችን፣ በወላጆቻችን ወይም በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ የቆምን የአላህ መስካሪዎች እንድንሆን ያዝዛል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በአንድ የሠፈር ሱቅ ሐሰተኛ የተባለ ባለ 20 ዶላር ኖት ምክንያት ፖሊስ ተጠራ። ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር ሰው እጁ በካቴና ታስሮ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ ነጭ ፖሊስ በጉልበቱ አንገቱን ለ9 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ተጭኖት ሞተ። የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ግን ሰውየው በእስር ሂደት ላይ እያለ የጤና ችግር ገጥሞት እንደሞተ የሚናገር ነበር።

እውነቱን ያወጣችው የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዘር ናት። ከትንሽ ዘመዷ ጋር ወደ ሱቅ ስትሄድ ያየችውን በስልኳ ቀረጸች። ፖሊሱን መግፋት አልቻለችም፤ ሕይወቱንም ማዳን አልቻለችም። እጇ ሳይንቀጠቀጥ እስከ መጨረሻው ቆመች። ኋላም ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። በኤፕሪል 2021 ፖሊሱ በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ በጁን ወር 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፉ ነገርን ያየ በእጁ፣ ካልቻለ በምላሱ፣ ያንንም ካልቻለ በልቡ እንዲለውጠው ያስተማሩትን ሐዲስ ሙስሊም ዘግበውታል። እጅ ባይደርስ፣ ምስክርነት ከምላስ ድርሻ ነው።

በዚያ ሰሞን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ። ከተቃጠሉት ውስጥ የስደተኞችና የጥቁሮች ሱቆችም ነበሩበት፤ ግፈኛው አንድ ሱቅ አልጠፋበትም። ለተበደለ ተቆርቁሮ ያልበደለን ማቃጠል ሁለተኛ ግፍ ነው።

የሱቁንም ጉዳይ እናስብ። ሱቁ የዐረብ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ንብረት ነበር። ባለቤቱ ከፍሎይድ ሞት በኋላ እንዲህ ባለ ቀላል ጉዳይ ፖሊስ ከመጥራት እንደሚቆጠቡ በይፋ ተናግሯል። ገንዘቡን የተቀበለው ወጣት ሠራተኛም ያን ኖት ባልቀበል ኖሮ ብሎ መጸጸቱን በፍርድ ቤት ገልጿል። ሠራተኛው ግፍ አላሰበም። ነገር ግን ደካማ በሆነ ሰው ላይ በሩን ለኃይለኛ የምንከፍትበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ እንማራለን። በየሱቃችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን አንድን ሰው ከመክሰሳችን በፊት፣ ዘሩና ኑሮው ሌላ ቢሆን ይህንኑ አደርግ ነበር ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ረጅሙ መንገድ

ቁጣ በአንድ ሌሊት ይነሣል፤ ለውጥ ግን ዓመታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የተባለች ልብስ ሰፊ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም በማለቷ ታሰረች። ከአራት ቀን በኋላ የከተማዪቱ ጥቁሮች በአውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። የቤት ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎችና የቀን ሠራተኞች ለ381 ቀናት በእግራቸው ተመላለሱ፤ ያላቸው የሌላቸውን በመኪና አደረሱ። አውቶቡስ ግን አላቃጠሉም። በመጨረሻም የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ላይ ያለው የዘር ልዩነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ።

ወጣቶቻችን የሚወዱት ማልኮም ኤክስም በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ነው። ለዓመታት ነጭ ሁሉ ጠላት ነው እያለ ይሰብክ ነበር። በ1964 ሐጅ አድርጎ ከየአገሩ የመጡ ሙስሊሞች በአንድ ሰሐን ሲበሉና በአንድ ምንጣፍ ሲሰግዱ ሲያይ ያ አቋሙ ተናወጠ። አገሩ ሲመለስ ግፍን መታገል አላቆመም፤ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 እስከ ተገደለባት ዕለት ድረስ ታግሏል። የተወው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በቆዳው ቀለም መፍረድ።

የራሳችን ቤት

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው አገር ነው። የሰው አገር ግፍ ማውገዝ ቀላል ነው። ታዲያ የእኛ ቤትስ?

ሚኒያፖሊስ ለተገደለው ጥቁር ያለቀሰ ወጣት፣ ቆዳው ጠቆር ያለውን የክፍል ጓደኛውን ምን ብሎ ይጠራዋል? ባርነት በአገራችን በ1942 (እ.ኤ.አ.) አዋጅ ቢሻርም ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም። በቀልድ፣ በስድብ፣ አንዳንዴም በቁልምጫ መልክ ይነገራል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ዛሬም በየአካባቢው የንቀት ስም አላቸው። የሠሩትን እንለብሳለን፣ በሠሩት እናበስላለን፤ ልጃቸው ልጃችንን ሊያገባ ሲመጣ ግን ሶላቱንና ጠባዩን ሳንጠይቅ አጥንቱን እንቆጥራለን።

ቡኻሪ የዘገቡትን የአቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አቡ ዘር ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ በእናቱ ዘር አንቋሸሸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ፣ በውስጡ የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነገሩት። አቡ ዘር ከቀደምት ሶሐቦች አንዱ ነው፤ ለኢስላም ተደብድቧል። እርሱን የመሰለ ሰው ይህ ከተነገረው እኛማ እንዴት! በዚያው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችን ሥር ያሉ ሰዎች ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ የማይችሉትን ሥራ እንዳንጭንባቸው አስተምረዋል። አቡ ዘርም ከዚያ በኋላ ራሱ የለበሰውን ዓይነት ልብስ ለአገልጋዩ ሲያለብስ ታይቷል። ተውበት እንዲህ በሥራ ይታያል።

እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደው በቆዳቸውና በድህነታቸው ሲናቁ እንቃጠላለን፤ መቃጠላችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከገጠር የመጣችው ልጅ በእኛ ማድ ቤት በምን ዓይነት ሳህን ትበላለች? የት ትተኛለች? በስሟ ነው የምንጠራት? ለእህታችን የምንጠይቀውን ክብር ለሰው እህት ካልሰጠን ዱዓችን በምን ፊት ይወጣል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ያየነውን ለቤተሰብ ውይይት እንዲመች እንደሚከተለው እናሳጥረው።

አንደኛ፣ ያልተጣራ ወሬና ምስል ከእኛ አልፎ አይሂድ። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስተላልፍ ካየን በለዘበ ቃል እናስቁመው፤ ታላቅ ቢሆን በአክብሮት፣ ታናሽ ቢሆን በምክር።

ሁለተኛ፣ ተበዳዩን እንጠይቅ። በስልክ መቆጨት ብቻውን አይበቃም። የተሰበረ ቤት ካለ መጥረጊያ ይዘን እንሂድ፤ ሐዘን ካለ እንቀመጥ፤ ገንዘብ ካስፈለገ ከሰደቃችን እናውጣ። ተበዳዩ ሙስሊም ባይሆንም ጎረቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ያየነውን በትክክል እንመስክር። ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ ቀኑንና ቦታውን እንያዝ። ምስክር ስንጠራ አንሽሽ።

አራተኛ፣ በሁከት ቀን እጃችን ንጹሕ ይሁን። የሰው ንብረት የሚነካ፣ ንጹሕ ሰው የሚያጠቃ ስብስብ ውስጥ አንቁም፤ ልጆቻችንንም እንሰብስብ። በደላችንን በሽማግሌ፣ በአቤቱታ፣ በሰላማዊ መንገድና በፍርድ ቤት እንጠይቅ። ቢዘገይም አንሰልች።

አምስተኛ፣ ሰላም ሳለ ጎረቤትን እንወቅ። የሳውዝፖርት ግንበኞች የመጡት መስጊዱ የከተማቸው አካል ስለሆነ ነው። በዒድ ምግብ ያልተላከበት ደጅ በመከራ ቀን ለመክፈት ይከብዳል።

ስድስተኛ፣ ምላሳችንን እናጽዳ። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ በሰው መሳለቅና በመጥፎ ስም መጠራራት ተከልክሏል። ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ፣ ቤታችን ውስጥ የምንናገራቸው የትኞቹ ቃላት ከዛሬ ጀምሮ ይቅሩ ብሎ ይነጋገር። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ፤ እንስማቸው።

ከ1,400 ዓመታት በፊት መካ በተከፈተች ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በካዕባ ላይ አዛን እንዲያደርግ ያዘዙት ቢላልን ነው። ቢላል ከሐበሻ ወገን ነው፤ በዚያችው ከተማ ባሪያ ሆኖ በአሸዋ ላይ ተጎትቷል። አንዳንድ የቁረይሽ ሰዎች ያን ማየት ከብዷቸው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በጎሣና በአባት ስም ሲኮሩ የኖሩ ሰዎች ወደ ሶላት የተጠሩት በዚያ ድምፅ ነው። የሑጁራት ሱራ 13ኛ አንቀጽ የሰው ልጆች ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት መፈጠራቸውን፣ ከሁሉም ይበልጥ የተከበረው አላህን ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን የሚያስተምረን ለዚህ ነው።

እኛ የቢላል አገር ሰዎች ነን እያልን እንኮራለን። ኩራቱ እውነት የሚሆነው በየቤታችን የተናቀው ሰው ራሱን ቀና አድርጎ ሲገባ ነው።

አላህ ግፍን ከማየት ዝም ከማለት፣ ግፍንም በግፍ ከመመለስ ይጠብቀን። የተበደሉትን ይካስ፤ ልባችንን ያንጻልን። ኣሚን።